ሦስት ጊዜ ከ«ሀ»

ሐሙስ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መካኒሳ ውስጥ ከታክሲ መያዣው ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተራዬን እጠብቅ ነበር። ቀኑን የማስታውሰው ባቀፍኩት ወረቀት ራስጌ ላይ ራሴ ስለጻፍኩት ነው። ሰዓቱን ደግሞ የቤቱ ሠራተኛ ማርቲ አሥር ሰዓት ላይ መብራት ይቋረጣል እያለች ደንበኞቿን ስታጣድፍ በየደቂቃው ትቆጥረው ስለነበር አልረሳውም።

ከፊቴ የቆሙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የቡናማ ኮታቸው እጅጌ በጠመኔ ብናኝ ነጥቷል፤ ጠርዙ የተበላ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዘዋል። ማርቲ ገጹን አተልቃ እንድታወጣላቸው ይለምኗታል፤ ደብተሩ መስታወቱ ላይ ሲዘረጋ ግን ሰው እንዳያይባቸው መዳፋቸውን ጽሑፉ ላይ ጣል ያደርጋሉ።

«አባባ፣ እጅዎን ካላነሡ የማወጣልዎ እጅዎን ነው» አለች ማርቲ።

«እጄንማ አውቀዋለሁ። ማየት ያቃተኝ ጽሑፉን ነው» አሉና መዳፋቸውን ቀስ ብለው አነሡ።

ዓይኔ ሳልፈልግ ገጹ ላይ ዐረፈ። ርዕሱ «የታክሲ መስመሮችን ስም ማንበብ፣ ሦስተኛ ቀን» ይላል። ከሥሩ ለቡ፣ ጀሞ፣ ጎፋ፣ ሳር ቤት የሚሉ ስሞች በተራ ተጽፈዋል፤ በጎን በኩል ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «እዚህ ላይ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፤ አምስት ደቂቃ ስጣቸው» የሚል ማስታወሻ ሰፍሯል። ስለ ትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት በኮሌጅ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ለሳቅ ጊዜ የተመደበበት ዕቅድ ግን ከዚያ ቀን በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ማን መሆናቸውን በዚህ ገመትኩ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ የአራት የጎልማሶች ትምህርት ጣቢያዎች አስተባባሪ ሆኜ ከተመደብኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። እያንዳንዱ አስተማሪ የትምህርት ዕቅዱን ቅጂ እንዲልክልኝ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌ፣ ከመካኒሳው ጣቢያ አንድም መልስ አላገኘሁም። የጣቢያው አስተማሪ መምህር ገሠሠ ጡረታ የወጡ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው እንደሆኑና ዕቅዳቸውን ለማንም እንደማያሳዩ ሰምቻለሁ። ስሜን ነግሬ እጅ ነሣኋቸው።

«ሚካል ማለት ያቺ ደብዳቤ የምትጽፈው ነሽ?»

«እኔው ነኝ፣ ጋሼ።»

«አጻጻፍሽ ያምራል። ሦስቱንም አስቀምጫቸዋለሁ» አሉ። ለምን መልስ እንዳልሰጡኝ ግን ምንም አላሉም።

ትምህርታቸው የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለነበር፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን የድንጋይ ንጣፍ መንገድ አብረን ተያያዝነው። እየሄድንም ዓይናቸውን የጋረደውን ሞራ ለማስገፈፍ ታኅሣሥ አምስት ቀን ሆስፒታል እንደተቀጠሩ፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሁለት ወር ማስተማር እንደማይችሉ አወጉኝ። ያንን ገጽ ያስተለቁትም በቀሩት ቀናት የራሳቸውን ጽሕፈት ማንበብ ቢችሉ ብለው ነው። ሃያ ሦስት ተማሪዎቻቸውን ከለቡ ጣቢያ የሚመጣው ወጣቱ ሃምዛ እንደሚረከባቸው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የምጨነቅበት ጉዳይ ይኸው ስለነበር አጋጣሚውን ላሳልፈው አልፈለግሁም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ሃምዛ ክፍልዎ ውስጥ ሲገባ ምን ይዞ ይገባል? በጣቢያዎቻችን እስካሁን ያለው ልማድ እንዲህ ነው፦ አስተማሪው ሲለቅ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል፤ አዲሱ አስተማሪ ሰዎቹ የት እንደደረሱ ስለማያውቅ ጠመኔውን አንሥቶ ሰሌዳው ላይ ‹ሀ› ብሎ ይጽፋል። ቀን ሲሠሩ ውለው የሚመጡ ሰዎች የሚያውቁትን ፊደል ለሁለት ወር እንደገና ይቆጥራሉ። አፍረው ወይም ሰልችቷቸው ይቀራሉ። እኛም መዝገብ ላይ ‹በራሳቸው ፈቃድ አቋረጡ› ብለን እንጽፋለን። የእርስዎ ዕቅድ በሃምዛ እጅ ቢሆን ግን ካቆሙበት ገጽ ይቀጥላል።»



«ልጄ፣ የትምህርት ዕቅድ እንደ መፋቂያ ነው» አሉ ጋሽ ገሠሠ። «ሰው ለሰው አያውሰውም። እኔ የጻፍኩት ለእነዚህ ሃያ ሦስት ሰዎች ነው። ማን ድንች እንደሚሸጥ፣ ማን ዘበኛ እንደሆነ፣ ማን ሲጠየቅ እንደሚደነግጥ አስቤ ነው የጻፍኩት። ሃምዛ በእኔ መፋቂያ ምን ያደርጋል?»

«መፋቂያውን አይስጡን። ከየትኛው ዛፍ እንደቆረጡት ያሳዩን።»

ነገሩ ደስ ሳያሰኛቸው አልቀረም፤ ከንፈራቸው ፈገግ ሲል አየሁ። ሆኖም ወዲያው አልተረቱልኝም። ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ የድንጋይ መቀመጫ ላይ አረፍ አሉና፣ ደብዳቤዎቼን ሳይመልሱ ያስቀመጡበትን ምክንያት ከሩቅ ጀምረው ያወሩልኝ ጀመር።

ነገሩ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲታወጅ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበሩ። የተመደቡበት ለቡ ያን ጊዜ ከተማ አልነበረም። «አሁን ለቡ መብራት ኃይል የምትሉት ሰፈር መብራትም አልነበረው፤ ኃይሉም የበሬዎቹ ነበር» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የገባውን ሙቀት ዛሬም እሰማዋለሁ። አንድ ገበሬ በረታቸውን ጠርገው ለመማሪያ ሰጧቸው። ሰሌዳ ስላልነበረ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረው፣ ጥቁሩን ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው ሳንቃ ቀቡ። ያ ሳንቃ ሲደርቅ የነበረው ሽታ፣ ከከብቱና ከድርቆሹ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ፣ እስከ ዛሬ ከአፍንጫቸው እንዳልጠፋ ነገሩኝ። ገበሬዎቹ የሚማሩት በኦሮምኛ ነበር፤ ወጣቱ ገሠሠ ደግሞ ኦሮምኛው ገና ኮልታፋ ነው። ስለዚህ እነሱ አነጋገሩን ያርሙታል፤ እሱ ጽሕፈታቸውን ያርማል። ሴቶቹ ጥጥ እየፈተሉ ይሰሙታል፤ የእንዝርቱ ዙር ከቆመ አንድ ነገር እንደገባቸው ያውቃል። ዕቅዱንም ከዚያ በኋላ በእንዝርት ይለካው ጀመር፤ እንዝርት ያላቆመ ትምህርት በማግስቱ ይቀየራል።

ይህን ሲተርኩልኝ እኔም ሳላስበው ወደ እናቴ ሄድኩ። እናቴ በዚያው ዘመቻ ፊደል ከቆጠሩት አንዷ ነበረች። የምስክር ወረቀቷን ከሠርግ ልብሷ ጋር በአንድ ሣጥን ታስቀምጠው ነበር። ልጅ ሳለሁ ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር ያንን ቢጫ ወረቀት እንዳነብላት ታዘኛለች፤ ራሷ ማንበብ እየቻለች። አስተማሪዋ ማን እንደነበረ ጠይቄያት አላውቅም። ዛሬ ብጠይቃት ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን የለችም።

ጋሽ ገሠሠ ወጋቸውን ቀጠሉ። በዚያ ዓመት የጻፉትን ደብተር አንድ ኃላፊ ወድዶት ተዋሰው። ደብተሩ ወደ በላይ ተላከ፤ ስማቸው ተፍቆ በስቴንስል ተባዛና «ምሳሌያዊ ዕቅድ» ተብሎ ለየጣቢያው ወረደ። አንዱ ቅጂ ለእሳቸውም ደረሳቸው፤ ከትእዛዝ ጋር።

«ከዚያ ሱፐርቫይዘሩ መጣ» አሉ። «በረቱ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጠኝ ቆየና ‹ጓድ ገሠሠ፣ ከዕቅዱ ወጥተሃል› አለኝ። ዕቅዱ የራሴ ነው፣ ልጄ። እኔ የጻፍኩት በአጨዳ ወር ነው፤ እሱ የመጣው በእርሻ ወር ነው። ገና ዘር ያልበተኑ ሰዎችን ስለ አጨዳ ላስተምር? የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው ሳቀ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈብኝ፤ የራሴን ዕቅድ ባለማክበሬ።»

እኔም ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ እሳቸውም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

«ከዚያ ወዲህ ሰው የማይከሰኝበት ፊደል ‹ሀ› ብቻ ሆነ» አሉ። «ማንም ይምጣ ማን ከሀ እጀምራለሁ። የራሴን ትምህርት የማስገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ደብተሬም ኪሴ ውስጥ ያድራል።»

ጀማሪ ሠራተኛ ሆኜ ቸኩዬ ነበርና በዚህ ጊዜ የያዝኩትን ቅጽ አውጥቼ አሳየኋቸው። ሌሊቱን ተቀምጬ ያዘጋጀሁት፣ በጣም የምኮራበት ቅጽ ነበር። አስጠግተው አዩት፤ አርቀው አዩት፤ ዓምዶቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

«አሥራ ሁለት ዓምድ?» አሉ። «ይህንን ለመሙላትማ አስተማሪዎቹ ራሳቸው የጎልማሶች ትምህርት ያስፈልጋቸዋል።»

ፊቴ ጋለ። በልቤ ግን እውነታቸውን እንደሆነ ተቀበልኩ። ያ ሱፐርቫይዘር በእርሻ ወር የአጨዳ ትምህርት ሲፈልግ የተሳሳተው ዕቅዱ ስለተጋራ አልነበረም። የተጋራው ዕቅድ ለማን፣ መቼና ለምን እንደተጻፈ የሚናገረው ክፍል ተቆርጦ ስለቀረ ነው። የእኔ አሥራ ሁለት ዓምዶች ውስጥም «ለማን?» የሚል አልነበረም። ይህንኑ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የማካፈሉ ሳይሆን የአካፋፈሉ ነው አልኩ። እሳቸውም በትሕትና አዳመጡኝ፤ ሰዓታቸውን አይተው ተነሡ፤ ወደ ክፍላቸውም አመሩ። እንድከተላቸው ግን አልከለከሉኝም።

ክፍሉ ቀን ላይ የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት የሚማሩበት ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ጉልበታቸው ከጠረጴዛው በታች አልገባ ብሏቸው ወደ ጎን ዞረው ተቀምጠዋል። ከኋላ ሆኜ ስመለከት፣ ጋሽ ገሠሠ ያስተለቁትን ወረቀት ከፍተው ያዙት እንጂ አንድ ጊዜም አላዩበትም፤ ሁሉንም በቃላቸው ነበር የሚወጡት። የታክሲ ረዳት ሆነው «ለቡ፣ ለቡ፣ አንድ ሰው» ብለው ሲጣሩና ሰሌዳው ላይ ጀሞ የሚለውን ሲጠቁሙ፣ ተማሪው ሁሉ አልሳፈርም ብሎ ሳቀ። አምስት ደቂቃ ሰጧቸው።

ትምህርቱ ሲያልቅ ስለ ሕክምናቸው ለክፍሉ ነገሩ። ከታኅሣሥ አምስት ጀምሮ መምህር ሃምዛ የሚባል ጎበዝ ወጣት እንደሚመጣ፣ እንደ ልጃቸውም እንዲያዩት አደራ አሉ። ብዙዎቹ ምሕረቱን ያውርድልዎ እያሉ እየተሰናበቷቸው ወጡ። አንዲት ሴት ግን ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ቆሙ። ወይዘሮ አማከለች ይባላሉ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ለቡ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ሲያርስ ከኖረ ቤተሰብ የተዳሩ ናቸው። አሁን መካኒሳ ገበያ አትክልት ይሸጣሉ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ እኔን እዚህ ላይ ይበቃኛል» አሉ።

ጋሽ ገሠሠ ግር አላቸው። «ለምን? እርስዎ እኮ ከክፍሉ ሁሉ ፈጣን ነዎት። በሁለት ሳምንት ፊደል የለየ ተማሪ ከርስዎ በፊት አላየሁም። ለርዕሰ መምህሩም ነግሬዋለሁ።»

ወይዘሮ አማከለች ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያም መሬት መሬት አዩ።

«ፊደሉንማ አውቀው ነበር» አሉ።

«መቼ?»

«እዚህ ስመጣ። መጀመሪያ ለቡ ጣቢያ ተማርኩት። አስተማሪያችን ሥራ አገኘና ሄደ፤ ሌላ መጣ፤ ‹ሀ› አለን። በኋላ ገበያ የምውለው እዚህ ሲሆን፣ በብስራተ ገብርኤል በኩል ወዳለው ጣቢያ ተዛወርኩ። እዚያም ‹ሀ› አሉኝ፤ እዚያም ሳንጨርስ ተዘጋ። ከዚያ እርስዎ ጋ መጣሁ። የእርስዎ ሦስተኛዬ ነው። ከሀ ጋርማ አሁን ዝምድና አለን፤ መንገድ ላይ ሲያየኝም ሰላም ይለኛል።»

ቀልዱን የሰማ ያለ አልመሰለኝም። ጋሽ ገሠሠ ጠመኔውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ ቆመዋል።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መምህር ሲያስተምር ይህንን አውቀዋለሁ ይባላል እንዴ? ነውር አይደል?» አሉ ወይዘሮ አማከለች። «ደግሞ ‹ጎበዝ› ሲሉኝ እርስዎ ራስዎ ደስ ይልዎት ነበር። ይህንን ደስታ ልንሣዎት?»

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ቀስ ብለው፣ ማንንም ሳይወቅሱ ተናገሩት። ባለቤታቸው አቶ ቀጄላ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ሐኪሙ የመርፌውን መጠን በየጊዜው ይቀይራል፤ የሚቀይረውም በወረቀት ነው። ወይዘሮ አማከለች ቁጥሩን በገበያ ስለለመዱት ያውቁታል፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊትና ከምግብ በኋላ፣ ይቀንሱና ያቁሙ የሚሉት ቃላት ግን ይጠፉባቸዋል። ክረምት ላይ የማታው መጠን እንዲቀንስ የሚል ወረቀት ተሰጣቸው። የሚያነብላቸው ጎረቤት አገር ቤት ሄዶ ስለነበር፣ ለሦስት ቀን በቀድሞው መጠን ወጓቸው። አቶ ቀጄላ በሦስተኛው ቀን ደጃፋቸው ላይ ወደቁ፤ ጤና ጣቢያ ተወስደው ነፍሳቸው ተረፈች። ወይዘሮ አማከለች ትምህርት የሚመላለሱት ለዚህ ለአንድ ነገር ነው። የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ በሦስቱም ጣቢያዎች መጨረሻ ላይ የሚመጣ ትምህርት ነበር፤ እሳቸው ደግሞ አንድም ቦታ መጨረሻው ላይ ደርሰው አያውቁም።

«አዲሱ ልጅም ከሀ ይጀምራል» አሉ። «ጥፋቱ የሱ አይደለም። እኔ ግን አራተኛ ጊዜ የለኝም፣ ጋሼ። ቀጄላ የለውም።»

አንድ ሰው ስሕተቱን ሲያገኘው ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ጋሽ ገሠሠ ሄደው በአንዱ ሕፃን መቀመጫ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው እንደ ተማሪዎቻቸው ወደ ጎን ወጣ። ለአርባ ስድስት ዓመት ደብተራቸውን የደበቁት በዕቅዳቸው ሰው እንዳይበደል ነበር። በዚያ መደበቅ ውስጥ የተቀመጠ የሌላ ሰው በደል እንዳለ ግን አልታያቸውም ነበር፤ በደሉም በፊታቸው አንደኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በትሕትና «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ ይከተላቸው ነበር።

«ያንን ቅጽሽን አምጪው እስቲ» አሉኝ በመጨረሻ። «አሥራ ሁለቱን አይደለም። ገልብጪውና በባዶው በኩል ጻፊ።»

እሳቸው ተናገሩ፤ እኔ ጻፍኩ። ይህ ትምህርት ለማን ተዘጋጀ? ከዚህ በፊት ምን ማወቅ አለባቸው? ሳስተምረው ምን አልሆነልኝም? ሦስት ጥያቄ ብቻ። ከዚያ የገጹ ግማሽ ባዶ ይተው፤ ቀጥሎ የሚያስተምረው ሰው የቀየረውን ይጻፍበት አሉ። የመጨረሻ ቃላቸው ግን ቅድመ ሁኔታ ነበር።

«በዚህ ወረቀት ማንም አስተማሪ አይገመገምበት። ዕቅዱን ሳይከተል ቀረ ተብሎ የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ካየሁ፣ ደብተሬን መልሼ እወስዳለሁ። ይህንን ቃል ትገቢልኛለሽ?»

«እገባለሁ። የጻፈው ሰው ስምም ከራስጌው አይጠፋም» አልኳቸው።

ወይዘሮ አማከለች ሁሉንም ቆመው ሰሙ። ደብተራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ አልፈቱም፤ ነገር ግን ሰኞ ይምጡ እንደሆነ ጋሽ ገሠሠ ሲጠይቋቸው፣ እስቲ አያለሁ አሉ። ሰኞ መጡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሁለት ቅዳሜዎች ሳስብ፣ በሥራ ዘመኔ ያሳለፍኳቸው ጥሩ ቀናት እነዚያ ይመስሉኛል። ጋሽ ገሠሠ አሥራ አንድ ደብተሮች በፌስታል ይዘው መጡ፤ እንዲያውም በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከስቴንስሉ ዘመን የተረፈ ሌላ አንድ ደብተር ጨመሩ። ሃምዛ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ እኔ እለያለሁ። መጀመሪያ በቀን ቅደም ተከተል ልደረድራቸው ነበር። ጋሼ ግን ሰው ወደ ትምህርት የሚመጣው በቀን ቅደም ተከተል አይደለም፤ በጉዳዩ ነው አሉኝ። ስለዚህ በጉዳይ ለየናቸው፦ ታክሲ መሳፈር፣ ስልክ መመዝገብ፣ የልጅ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የእድር ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ወረቀት። እያንዳንዱ ትምህርት በአንድ ክላሰር ገባ። አንድ ቅጂ በየጣቢያው ተቀመጠ፤ ፎቶው ደግሞ ለጣቢያዎቹ አስተማሪዎች ሁሉ በቴሌግራም ተላከ። ለእያንዳንዱ ተማሪም የተማረው ነገር የሚመዘገብበት አንድ ካርድ አዘጋጀን፤ ጣቢያ ሲቀይር ይዞት ይሄዳል። አዲስ አስተማሪ ከሀ በፊት ካርዱን ይጠይቃል።

ሃምዛ በመጀመሪያ ሳምንት የታክሲውን ትምህርት ለቡ ላይ ሞክሮት ነበርና፣ በባዶው ግማሽ ገጽ ላይ «እዚህ አልሳቁም፤ ብዙዎቹ የራሳቸው ባጃጅ አላቸው፤ ቀልዱን ቀይሬዋለሁ» ብሎ ጽፎበት መጣ። ሲነበብላቸው ጋሽ ገሠሠ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሰው በዕቅዳቸው ላይ ሲጽፍባቸው በአርባ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው ጊዜ እንደሆነ ነገሩን፤ ቅር ያሰኛቸዋል ብለው የፈሩት ነገር እንዲህ ደስ እንደሚያሰኝ ቢያውቁ ቀደም ብለው ደብተራቸውን ይከፍቱት እንደነበረም አከሉ።

አንባቢዬ አስተማሪ ከሆነ የዚህን ነገር ጥቅም መዘርዘር ላያስፈልገው ይችላል፤ ቢሆንም ልናገረው። ዕቅድን በሥርዓት ማስቀመጥና ማካፈል የአስተማሪን ምሽት ይመልስለታል፤ ሌላው የደከመበትን እንደገና ከባዶ አይጀምርምና። አስተማሪ ሲታመም ትምህርት አብሮት አይታመምም። ደካማው ከብርቱው ይማራል፤ ብርቱውም ያልሆነለትን ሲጽፍ ከራሱ ይማራል። ከሁሉ በላይ ግን ለተማሪው ክብር ነው። ትልቅ ሰው የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ እንዲቀመጥ ማድረግ ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ማዕረጉንም መውሰድ ነው። ጋሽ ገሠሠ የፈሩትም ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። የተካፈለ ዕቅድ ትእዛዝ ሲሆን ይጎዳል፤ ብድር ሲሆን ግን ሁለቱንም ወገን ያበለጽጋል።

ታኅሣሥ አምስት ጋሽ ገሠሠ ሆስፒታል ገቡ። ሃምዛ በቀጣዩ ሰኞ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ካቆሙበት ገጽ ቀጥሎ ያለውን ነበር። ወይዘሮ አማከለች በነገሩ እርግጠኛ ለመሆን እስከ ረቡዕ ድረስ ደብተራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ሳይፈቱ ተቀመጡ። በጥር መጀመሪያ የመድኃኒት ወረቀት ትምህርት ተጀመረ። ከሃያ ሦስቱ ተማሪዎች ሃያ አንዱ እስከ መጨረሻው ዘለቁ።

ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን ጋሽ ገሠሠ ከሕክምናው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ሁለቱም ዓይናቸው በጥቁር መነጽር ተሸፍኗል። ብስራተ ገብርኤል ካለችው ቤታቸው ብቻቸውን በታክሲ እንደመጡ ነገሩን፤ ሐኪሞቹ ምን አሏቸው ስንላቸው፣ ደህና ነው ብለውኛል አሉና ወሬውን ወደ ክላሰሮቹ መለሱ። በአንዱ ገጽ ላይ ከሌላ ጣቢያ የተጻፈ አዲስ ማስታወሻ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ጠርዙን በጣታቸው ተከተሉት፤ ከዚያም ለሃምዛ አቀበሉት።

«አንተ አንብበው፤ ድምፅህን ለምጄዋለሁ» አሉ።

ወይዘሮ አማከለች በዚህ መሐል ገቡ። የአቶ ቀጄላን የመድኃኒት ወረቀት ይዘዋል፤ ሊያሳዩዋቸው ነው የመጡት። ቆመው፣ በሌባ ጣታቸው እየተከተሉ አነበቡላቸው፦ ጠዋት ከምግብ በፊት አሥራ አራት፤ ማታ ከምግብ በፊት ስምንት፤ ማዞር ከተሰማ ስኳር ይቅመሱና ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ። አንድ ቃል ላይ ብቻ ቆም አሉ፤ ራሳቸው አስተካክለው ቀጠሉ። ጋሽ ገሠሠ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ጎበዝ ግን አላሉም። 

ወይዘሮ አማከለች ወረቀታቸውን አጣጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱ። ያን ጊዜ ይመስለኛል ከጋሼ የደረት ኪስ ብቅ ያለውን፣ የሆስፒታሉ ማኅተም ያለበትን የታጠፈ ወረቀት ያዩት። እጥፋቱ ገና አልተፈታም፤ ጋሼም አላነበቡትም ማለት ነው። እኔና ሃምዛ ከእሳቸው ጋር ሰዓት ሙሉ ስንቀመጥ አላስተዋልነውም።

«ጋሼ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያንን ወረቀት ይስጡኝ፤ እኔ ላንብብልዎ።»

እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ሃምዛ የያዘውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከሜዳው የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል። ወይዘሮ አማከለች እጃቸውን አልሰበሰቡም።